ደመና ከሆነ ይሠራል

የእህቴን ባል በኃይል ማመንጫ ጣቢያው ውስጥ በስሙ የሚጠራው አልነበረም። «ክርኑ» ነበር የሚሉት፤ የውሃ ሙቀት የሚለካው በክርኑ ነዋ። ቴርሞሜትር አጥቶ አይደለም። ቴርሞሜትሩ ከዓሣ ገንዳዎቹ አጠገብ ባለችው የቆርቆሮ ጎጆ ግድግዳ ላይ በክር ተንጠልጥሏል። ግን መጀመሪያ እጅጌውን ይሰበስብና ጎንበስ ብሎ ክርኑን ውሃው ውስጥ ይነክራል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ ይቆያል። «ሃያ ስድስት» ይላል። ከዚያ ቴርሞሜትሩን ያስገባል፤ ሃያ ስድስት ይሆናል። አንድ ቀን ሃያ ሰባት ቢያሳየው አውጥቶ አራገፈውና፣ «ይሄም እንደ ሰዉ መዋሸት ጀመረ» አለ።

እኔ ጋሼ ነው የምለው። በአሥራ አንድ ዓመት ይበልጠኛል። እህቴን ሲያገባ እኔ ገና በአጭር ሱሪ የምሮጥ ልጅ ነበርኩ፤ ሳይክል መንዳት ያስተማረኝም እሱ ነው። ከኋላ ኮርቻውን ይዞ እየሮጠ «ይዤሃለሁ፣ ይዤሃለሁ» ይለኝ ነበር። መቼ እንደለቀቀኝ ሳላውቅ ነው የለመድኩት።

ሥራው ዓሣ ማርባት ነበር። እኔ ደግሞ ከገንዳዎቹ ከፍ ብሎ ባለው የኃይል ማመንጫ ጣቢያ፣ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ጣቢያው የድንጋይ ከሰል ነው የሚያቃጥለው። ከወንዙ ቀዝቃዛ ውሃ ይስብና በሱ እንፋሎቱን ያቀዘቅዛል፤ ለብ ያለውን ውሃ ደግሞ በሲሚንቶ ቦይ ወደ ወንዙ ይመልሳል። ለእኛ ያ ውሃ የሚጣል ነገር ነው። ጋሼ ግን ከቦዩ ጎን ስድስት ገንዳ ቆፍሮ፣ ከቦዩ ውሃ የሚያስገባ አንዲት የብረት መዝጊያ አበጅቶ፣ በዚህ ብርድ የሞቃት አገር ዓሣ ያረባ ነበር። እህቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ አፏም እንደ መቀሷ ነው። «አንዱ ያሞቃል፣ አንዱ ያረባል፣ እኔ እጠብሳለሁ» ትላለች እንግዳ ሲመጣ።

ከገንዳዎቹ ሁሉ ስድስተኛው ነበር ጉዱ። እዚያ ውስጥ «እናቶቹ» አሉ። አርባ ያህል ናቸው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከየዘሩ ፈጥና ያደገችውን፣ በሽታ ያልነካትን፣ ልጆቿን የማትበላውን እየለየ ያስቀራቸው ናቸው። እያንዳንዷን በመልኳ ያውቃታል። አንዷን «ነገረኛዋ» ይላታል፤ የጀርባ ክንፏ በጠብ ተሸርክቷል፤ ምግብ ሲበተን ሌሎቹን እየነከሰች ትቀድማለች። እህቴ ነገረኛዋን ስታይ፣ «እኔን አስበህ ነው ስም ያወጣህላት?» ትለዋለች። እሱም «አንቺ እንኳ አትነክሺም» ይላታል። ልጅ አልወለዱም። ይህን የምለው ሰው እንዲያዝንላቸው አይደለም፤ ያ ገንዳ ለሁለቱም ምን እንደነበረ እንዲታወቅ ብቻ ነው።

ዓሦቹ ብርድ አይችሉም። ውሃው ከአሥራ ሁለት ዲግሪ በታች ከወረደ፣ በተለይ በድንገት ከወረደ፣ አለቀላቸው። ስለዚህ ጣቢያው ከመቆሙ በፊት መዝጊያው መዘጋት አለበት። ሲቆም እኮ ውሃው አይቆምም፤ ፓምፖቹ ማሽኑ እስኪበርድ ድረስ ለሰዓታት ይሠራሉ፤ የወንዙን በረዶ የመሰለ ውሃ እንዳለ በቦዩ ይለቁታል። መዝጊያው በጊዜው ከተዘጋ ግን ገንዳው ሙቀቱን ይዞ እስከ ማታ ይቆያል።

ድሮ ይህ ችግር አልነበረም። ጣቢያው የሚቆመው በዓመት ሁለቴ፣ ለጥገና ነበር። በቦዩ በኩል ባለው በር ላይ ደግሞ የሐዲድ ቁራጭ ተሰቅሎ ነበር። ከመቆማችን በፊት የበሩ ጠባቂ በመዶሻ ሦስት ጊዜ ይመታዋል፤ ቦዩ ውስጥ ልብስ የሚያጥብ ካለ ወጣ እንዲል። ጋሼም ያንን ሰምቶ ይዘጋል። ማንም ያወጣው ደንብ አልነበረም፤ ግን ከማንኛውም ደንብ በላይ ይከበር ነበር።

ከዚያ ፀሐይ መጣች። በሩቅ ሜዳ ላይ የፀሐይ ሰሌዳ እየተዘረጋ ነው ሲሉ መጀመሪያ ሳቅን። ዋናው ተረኛ፣ «ማታ ማታ በሻማ ሊያበሩት ነው?» ብሎ ሁላችንንም አስፈገገን። በሦስት ዓመት ውስጥ ሳቁ አለቀ። ፀሐይ በወጣ ቀን ረፋድ ላይ አቁሙ እንባላለን፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ስትደክም ተነሱ እንባላለን። ጣቢያው መጠባበቂያ ጎማ ሆነ። ማን አዘዘ? አይተነው የማናውቅ የኃይል መቆጣጠሪያ ማዕከል አለ፤ ስልክ ይደውላል፣ እኛ ቁልፍ እንጫናለን። አምስት የነበርነው በአንድ ፈረቃ ሁለት ቀረን። የበሩ ጠባቂ ተሰናበተ፤ በሩም ታሸገ።

ከሰሉ ይቅር ከተባለ እኔ አልከራከርም። አመዱን የዋጥኩት እኔ ነኝ። እህቴ ነጭ አንሶላ አስጥታ ነጭ አንሶላ ሰብስባ አታውቅም ነበር። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። በየስብሰባው አዳራሽ አረንጓዴ ቅጠል የተሳለበት ጨርቅ ይሰቀላል፤ የታሸገ ውሃ ይታደላል፤ «ማንም ወደ ኋላ አይቀርም» ይባላል፤ ከዚያ ሰዎቹ መኪናቸው ውስጥ ገብተው ይሄዳሉ። ስለ ሞቀ ውሃ የጠየቀ አንድ ሰው ነበር፤ ጋሼ። እጁን አውጥቶ፣ «የምትጥሉት ሙቀት ሲቀር እኔን የት ልትጥሉኝ ነው?» አለ። አዳራሹ ሳቀ። በማስታወሻ ተይዟል ተባለ።

ጠባቂው ከሄደ በኋላ እኔ ከጠረጴዛዬ እደውልለት ነበር። «ጋሼ፣ ሃያ ደቂቃ» እለዋለሁ፤ «ዘጋሁ» ይለኛል። ቀጥሎ የጠረጴዛው ስልክ ተነቀለ፤ ከማዕከሉ ጋር ብቻ የሚያገናኝ ቀይ ስልክ ተተከለ፤ የምንነጋገረው ሁሉ ይቀዳል። የኪስ ስልካችንን ደግሞ መግቢያው ላይ ሳጥን ውስጥ እንድናስቀምጥ ታዘዝን። ጋሼ አልተጨነቀም። ሰማዩን ማንበብ ጀመረ። «ብራ ከሆነ ይቆማል፤ ደመና ከሆነ ይሠራል» አለ፤ ይህንኑ ጎጆዋ ግድግዳ ላይ በከሰል ጻፈው። ሁለት የብርድ ወራት ሙሉ አልተሳሳተም። መሐንዲስ ሆንኩ ብሎ ይኮራብን ጀመር። በሚያጠራጥር ቀን ደግሞ የሚያየው ሌላ ነገር ነበረው፤ የፈረቃ ሰሌዳችንን ግልባጭ ግድግዳው ላይ ለጥፎ የእኔን ቀኖች በቀይ እስክሪብቶ ከቧቸዋል። በእኔ ተራ ቀን እኔ እበቃው ነበር። ሁለት ጊዜ እስከ ታሸገው የቦዩ በር ወርጄ፣ በበሩ መስኮት እጄን አሾልኬ፣ ሐዲዱን በመፍቻ መትቼለታለሁ። አንድ እሑድ ምሳ ላይ አፌን ሞልቼ፣ «ጋሼ፣ እኔ ባለሁበት ቀን በሰላም ተኛ» አልኩት። እህቴ «ወንድሜ እኮ ነው!» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ።

ጣቢያው ከብርዱ ወራት በኋላ ጨርሶ እንደሚዘጋ ሲታወቅ ጋሼ ያልጻፈለት ቦታ አልነበረም። ብዙው መልስ አልሰጠም። በመጨረሻ ፍልውሃ ያለበት አንድ የዓሣ ምርምር ጣቢያ መለሰለት። እናቶቹን በሕይወት ካስረከበ እሱንም በዓሦቹ ጠባቂነት ከነቤቱ እንቀበላለን አሉ። ታንከር የጫነ መኪና ሐሙስ ይመጣል። ደብዳቤውን እህቴ ጮክ ብላ አነበበችው፤ «ከነቤቱ» የሚለው ላይ ስትደርስ ደግማ አነበበችው። ጋሼ ተነስቶ ወጣ። መስኮት ላይ ሆኜ ሳየው ስድስተኛው ገንዳ ጠርዝ ላይ ቁጢጥ ብሎ በአፉ የሆነ ነገር ይላቸዋል።

እኔ በዚያው ሳምንት አንድ ነገር አውቄ ነበር። ከማዕከሉ አንድ መሐንዲስ መጥቶ ትልቅ ካርታ ዘርግቶልን ነበር። አዲሱ ከፍተኛ መስመር ተገናኝቷል አለን። «እስካሁን የእናንተን ሰማይ ነበር የምናየው። ከእንግዲህ እናንተ ጋ ደመና ቢሆን ከአገሩ ወዲያኛው ጫፍ ፀሐይ አለ፤ ፀሐይ ቢጠፋ ነፋስ አለ። አገሩ ሰፊ ነው» አለ፤ ደስ ብሎት ነው የሚናገረው። እውነቱን ነው፣ ደስ ይላል። ለጋሼ ልነግረው ብዬ ነበር ያን ምሽት የሄድኩት። ደብዳቤው ቀድሞኝ ደረሰ። ቤቱ ውስጥ እንደዚያ ተስቆ አያውቅም፤ ደስታቸውን ላደፈርስ አልፈለግሁም። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። በማግስቱ ሥራ በዛብኝ።

ሌላም ነገር አለ፤ እሱንም ልናገረው። ማዕከሉ ከእኛ ጣቢያ ሦስት ሰው መርጦ ሊወስድ ነበር። መሐንዲሱ ሲወጣ ትከሻዬን ነካ አድርጎ፣ «የአንተን አሠራር እየተከታተልን ነው» አለኝ። እኔም ልጆች አሉኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ሰማዩ ጣሪያ ላይ የተቀመጠ ይመስል ነበር። የጭስ ማውጫው ጫፍ አይታይም። ሳይክሌን እንደ ልማዴ ዋናው በር ላይ አቁሜ ገባሁ። እህቴ ከአንድ የወንበር ልብስ ትራፊ ቀይ የኮርቻ ሽፋን ሰፍታልኝ ነበር፤ ከሳይክሎቹ ሁሉ የኔ ከሩቅ ይለያል፤ ጓደኞቼም ይቀልዱብኛል። ጋሼ በዚያ ቀን ዓሣ ለማጓጓዝ የሚያስፈልገውን ፈቃድ ለማውጣት ከተማ ይወርድ ነበር። ጽሕፈት ቤቱ ከጠዋት ሌላ አይሠራም።

ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ቀዩ ስልክ ጮኸ።

«ማሽኑን ሦስት ከአርባ ላይ አቁሙ» አለችኝ የማዕከሉ ሴት።

«ዛሬ? እዚህ እኮ ደመና ነው» አልኳት።

«እዚህ የነፋሱ ምርት ከፍተኛ ነው። ችግር አለ?»

ስልኩ ይቀዳል። «የለም» አልኩ።

ሃያ ደቂቃ ነበረኝ። ወደ ቦዩ በር መውረድና መመለስ ስምንት ደቂቃ ይፈጃል፤ ቆጥሬዋለሁ፣ ሁለት ጊዜ ሄጄበታለሁ። ግን ማቆም ሲጀመር ከወንበር መነሳት ክልክል ነው፤ የፈረቃ ጓደኛዬ ውሃ ማፍያው ቦይለር ጋ ነበር፤ መሐንዲሱ ያስተከለው አዲስ ካሜራ ከጭንቅላቴ በላይ አለ። ደግሞ ለራሴ፣ ጋሼ ከተማ ሲወርድ ዘግቶ ሳይሄድ አይቀርም አልኩ። ሰው ለራሱ ሲነግር እንዴት አሳማኝ ነው! ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ሦስት ከአርባ ላይ ቁልፉን ተጫንኩት። ሥራዬን እንከን የለሽ አድርጌ ሠራሁ።

ስምንት ሰዓት ላይ ተራዬ አልቆ ስልኬን ከሳጥኑ ሳወጣ እህቴ አሥራ አራት ጊዜ ደውላለች።

በሳይክል ወረድኩ። ስድስተኛው ገንዳ ላይ እናቶቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል። አንዳንዶቹ አፋቸውን ገና ይከፍታሉ። ጋሼ ከተማ ሲሄድ የለበሰውን ኮት እንኳ ሳያወልቅ ጠርዙ ላይ ተንበርክኮ፣ እጁን እስከ ብብቱ ውሃው ውስጥ ከትቶ ነበር። ከኪሱ ማኅተም የተመታበት ወረቀት ብቅ ብሏል።

«አሥር» አለኝ ቀና ሳይል። «ቴርሞሜትሩን እየው እስቲ።»

አየሁት። አሥር ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ያ ክርን ተሳስቶ ባየሁት ብዬ የተመኘሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ደመና ነበር እኮ» አለ። «ደመና ነበር።»

ሳልጠየቅ አፌን ከፈትኩ። «ጋሼ፣ እኔ ጠዋት አልነበርኩም። ተራ ተቀያይሬ ነበር። አሁን ከቤት መምጣቴ ነው።»

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ «እሺ» አለ።

እህቴ መረብ ይዛ ቆማ ታለቅስ ነበር። «እንኳንም አንተ አልነበርክ» አለችኝ። «አንተ ሆነህ ቢሆን ምን ይውጠኝ ነበር?»

እስከ ማታ ድረስ አወጣናቸው። ከሌሎቹ ገንዳዎች ጥቂት የዓሣ ጫጩት ተርፏል፤ ከእናቶቹ አንድም። ነገረኛዋን እሱ ነው ያወጣት። የተሸረከተ ክንፏን በአውራ ጣቱ አስተካከለላትና ከሌሎቹ ለይቶ አስቀመጣት። ለምን እንደለያት አላወቅሁም፤ እሱም ያወቀ አይመስለኝም።

ሐሙስ መኪናው መጣ። ሹፌሩ ደግ ሰው ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ነድቶ ዓይኑ ቀልቷል። ታንከሩ ውስጥ ያለው ውሃ ሙቀቱ እንዳይቀንስ በየመንገዱ እየቆመ ሲለካ እንደመጣ ነገረን። «የሚጫኑት የት አሉ?» አለ። ጋሼ ፈቃዱን ሰጠው። ሹፌሩ አነበበና እንደገና፣ «እሺ፣ የት አሉ?» አለ። እህቴ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ሹፌሩ ወረቀቱ ላይ «ባዶ» ብሎ ጽፎ አስፈረመው። የምርምር ጣቢያው ከአንድ ወር በኋላ ሐዘኑን ገልጾ፣ የተጠቀሰው የሥራ መደብ ከእናት ዓሦቹ ርክክብ ጋር የተያያዘ እንደነበር አሳወቀ። በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ ደብዳቤ ነው።

በቀጣዩ ሳምንት ጎጆዋ ገብቼ ነበር። የፈረቃ ሰሌዳው ከግድግዳው ተነስቷል። ጽሑፉም ታጥቧል፤ «ይሠራል» የምትለዋ ብቻ በስሱ ትታያለች። ጣቢያው ሊዘጋ ነው፣ ምን ያደርግለታል ብዬ አለፍኩት።

ጣቢያው ተዘጋ። የከሰሉ ሜዳ ተጠርጎ እዚያም የፀሐይ ሰሌዳ ተተከለበት። ጋሼ ሰሌዳ አጣቢ ሆኖ ተቀጠረ፤ ቋሚ አይደለም፣ አቧራ በሚበዛበት ወራት ብቻ ይጠሩታል። አንድ ቀን ምሳ አድርሼለት ሳየው ባልዲውን ከቧንቧ ሞላ፤ እጅጌውን ሰበሰበ፤ ክርኑን ነከረ። ትንሽ ቆየና አወጣው። ምንም ቁጥር አልተናገረም። ከሱ ጋር የሚሠሩት አሁን ክርኑ አይሉትም፤ ለምን እንደዚያ እንደሚያደርግ የሚያውቅ የለም። የእህቴ አንሶላ አሁን ነጭ ነው። «አየህ፣ ነጭ ሆነልኝ» ትለኛለች። የመስፊያ መኪናዋ ድምፅ ካልሆነ ከዚያ ቤት ድምፅ አይወጣም።

እኔን ማዕከሉ ወሰደኝ። ከሦስቱ አንዱ ሆንኩ። የምሄድበት ቀን እህቴ ምሳ ሠርታ ጠራችኝ፤ አለቀሰች፣ መረቀችኝ። ጋሼ ሻንጣዬን ተሸክሞ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሸኘኝ። «ስጠኝ፣ ጋሼ» ብለው እንቢ አለ። ሳይክሌን ለሱ ትቼለት ነበር፤ ቀይ ሽፋኑ በፀሐይ ነጥቷል፤ አይነዳውም።

ማቆሚያው ላይ ቆመን ሳለን ሰማዩን አየ። ደመና ነበር።

«እዚያ ስትደርስ የምታዘው አንተ ነህ አሉ» አለኝ።

«እኔ አላዝም፤ አስተላልፋለሁ እንጂ።»

«እሺ። ስታስተላልፍ ሃያ ደቂቃ ብቻ አትስጣቸው። ሰፋ አድርገህ ስጣቸው።»

ሃያ ደቂቃ እንደነበር ነግሬው አላውቅም። ድሮ በስልክ የምለውን ነው የሚያነሳው ብዬ ልቤን ላረጋጋ ሞከርኩ። እሱ ግን መንገዱን እያየ ቀጠለ።

«ያን ቀን መዝጊያውን ክፍት ትቼ ስወጣ ልቤ አላረፈም ነበር። ደመናው ወፍራም ነው፣ ግን የሚገፋው ነፋስ ነበር። ጣቢያው በር ላይ ስደርስ ልመለስ፣ ልዝጋው ብዬ ቆሜ ነበር።» ሻንጣውን ከቀኝ ወደ ግራ እጁ አዛወረ። «ሳይክልህን አየሁና ተውኩት።»

አውቶቡሱ መጣ። ይቅር በለኝ እንኳ አላልኩትም። ሻንጣዬን እሱ ነው የጫነልኝ።